የፒራኔዚ ሁለተኛው ቨርዥን

ሁለት ምስሎችን በሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ከፍቼ አመሸሁ። ሁለቱም የታተሙት ከአንድ የመዳብ ሰሌዳ ነው፤ በመካከላቸው ግን አሥር ዓመት ገደማ አለ። ሠሪው ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ ነው፤ በ1720 ቬኒስ አጠገብ ተወልዶ ሮም የኖረ አርክቴክትና ቀራጭ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1750 ገደማ ምናባዊ እስር ቤቶችን የሚያሳዩ 14 ምስሎች አሳተመ። እንዲህ ያለ እስር ቤት የትም አልነበረም፤ ቅስት በቅስት ላይ፣ ደረጃ በደረጃ ላይ፣ ሰዎቹ ጉንዳን የሚያካክሉበት። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ህትመት አየር አለው፤ መስመሩ ስስ ነው፣ በችኮላ የተነደፈ ይመስላል።

በ1761 ተመለሰባቸው። ለ14ቱ አዲስ ሰሌዳ አላዘጋጀም። በዚያው መዳብ ላይ ሰም ቀብቶ፣ በመርፌ ጭሮ፣ በአሲድ አስበልቶ ጨመረበት፦ ድልድይ፣ ደረጃ፣ ገመድ፣ ሰንሰለት፣ ጥላ። ሁለት አዳዲስ ምስሎችም አክሎ 16 አደረሳቸው፤ በአንዱ ላይ ሰው በማሰቃያ ተወጥሮ ይታያል።

እኔ የደነገጥኩት እዚህ ጋ ነው። እስር ቤቱ የከፋው ፈርሶ እንደ አዲስ ስለተሠራ አይደለም፤ በነበረው ላይ ስለተጨመረበት ነው። መዳብን ፍቆ ማለስለስ ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው። መጨመር ይቀላል። ሰሌዳዎቹ ዛሬም ሮም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቀለም ቀብታችሁ ብታትሟቸው የሚወጣው ጨለማው ነው። ድሮ ብርሃን እንደነበረ የሚመሰክሩት ቀድመው የታተሙት ወረቀቶች ብቻ ናቸው።

የእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመዘግብ ቀላል ሲስተም ጻፍኩ። ቀጥሎ ስልካቸው ያለበትን ቦታ በየአምስት ደቂቃው እንዲይዝ ተጠየቅኩ፤ ጨመርኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሳይነካ የቆየበትን ደቂቃ፤ እሱንም ጨመርኩ። ሁሉም ትንንሽ ሥራ ነበር፤ ከአንድ ቀን በላይ የፈጀ የለም።

አንድ ቀን በጽዳት ሥራ ላይ ያሉ እናት አስቆሙኝና «ልጄ፣ መጸዳጃ ቤት የቆየሁበትንም ይቆጥራል እንዴ?» አሉኝ። መልሱ «አዎ» ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ።

ኮድ ከመዳብ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ የቀድሞው ቨርዥን አይጠፋም። ያን ማታ ከፍቼ አየሁት፦ መግቢያ፣ መውጫ፣ በቃ። መመለስ ይቻል ነበር። የመለሰው ግን የለም፤ እኔንም ጨምሮ።