ከፑንት የተጫኑ ሁለት ሯጮች

ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት የግብጿ ንግሥት ሀትሼፕሱት አምስት መርከቦች ፑንት ወደተባለ ምድር ላከች። መርከቦቹ ይዘውት የተመለሱት ሁሉ ዴር ኤል ባህሪ በሚገኘው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ ዕጣን ከነዛፉ፣ ወርቅ፣ ዞጲ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝንጀሮ፣ የነብር ቆዳ። ዝርዝሩ ውስጥ ውሾችም አሉ፤ ግብፃውያን ተሰም ይሏቸው የነበሩ፣ ወገበ ቀጭን የአደን ውሾች። በዚያው ግድግዳ ላይ በገመድ የሚመሩ አቦሸማኔዎችም ይታያሉ።

ፑንት የት ነበረች? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ይፋ የሆነ ጥናት በግብፅ የተገኙ የዝንጀሮ አስከሬኖችን ኬሚካዊ ይዘት መርምሮ ወደ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ እንዲሁም ወደ ከፊል ሶማሊያና የመን አመልክቷል። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጥንቱን የአዱሊስ ወደብ አካባቢ ጠቁሟል። ጅቡቲ ከተማ ራሷ ገና ልጅ ናት፤ ፈረንሳዮች የቆረቆሯት በ1888 ነው። የቆመችበት ባሕረ ሰላጤ ግን ወደ ባብ ኤል መንደብ የሚያወጣ በር በመሆኑ ንግድ ከከተማዋ በፊትም በዚህ አካባቢ ያልፍ ነበር።

የፑንት ውሻ፣ ሳሉኪ የተባለው ቀጭኑ የዓረቦች የአደን ውሻ ነበር ማለት ግን አይቻልም። የሳሉኪ ወዳጆች እዚህ ላይ ትንሽ ይቸኩላሉ። የጥንቱ ተሰም ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ ነበር። ጆሮው የወደቀና ጅራቱ የተንጠለጠለ፣ ሳሉኪን የሚመስል ውሻ በግብፅ ሥዕሎች ላይ በብዛት የሚታየው ሀትሼፕሱት ራሷ በነገሠችበት፣ አዲሱ መንግሥት በሚባለው ዘመን ነው፤ የባለሥልጣኑ የረክሚሬ መቃብር አንዱ ማሳያ ነው። ይሁን እንጂ የዝርያው ዕድሜ ተረት ብቻ አይደለም። በ2004 ሰማንያ አምስት የውሻ ዝርያዎችን በዘረ መል ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ለተኩላ ይበልጥ ቀረብ ካሉት ጥቂት ዝርያዎች መካከል ሳሉኪንና የአፍጋን ውሻን አግኝተዋል።

ሳሉኪ ከመሬት እስከ ትከሻው ከ58 እስከ 71 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ አይበልጥም። ደረቱ ጥልቅ፣ ሆዱ የተሰበሰበ ነው፤ የጎድን አጥንቱ ስለሚቆጠር ለማያውቀው ሰው የተራበ ይመስላል። ጸጉሩ ገላው ላይ አጭርና ለስላሳ ሆኖ በጆሮው፣ በጅራቱና ከእግሩ ኋላ ይረዝማል። በጣቶቹ መሃል የሚበቅለው ጸጉር ግን ለውበት ብቻ አይደለም፤ በጋለ አሸዋና በሾለ ድንጋይ ላይ መርገጫውን ይጠብቅለታል። ሙሉ በሙሉ ጸጉረ አጭር የሆነ ሳሉኪም አለ፤ ሁለቱ ዓይነት ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ ሊወለዱ ይችላሉ።

የሚያድነው በማሽተት ሳይሆን በማየት ነው። የጊነስ መዝገብ በ1996 በሰዓት 68.8 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሳሉኪ መዝግቧል። ግሬይሀውንድ በአጭር ርቀት ይቀድመው ይሆናል፤ የሳሉኪ ጉልበት የሚታወቀው ሩጫው ኪሎ ሜትሮችን ሲቆጥር ነው። አቦሸማኔ በአንጻሩ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥና ከጥቂት መቶ ሜትር በኋላ ትንፋሹ ያልቃል።

በእስልምና ብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች የውሻን ምራቅ እንደ ርኩስ ያዩታል። ቁርኣን ግን በአል ማኢዳ ምዕራፍ 4ኛ አንቀጽ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘው እንዲበላ ይፈቅዳል። በዚህ ፈቃድ ጥላ ሥር ሳሉኪ በበድዊኖች ድንኳን ሌላ ውሻ የማያገኘውን ክብር አግኝቷል፤ ከቤተሰቡ ጋር ይተኛል፣ በልማዱም ለወዳጅ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። በአደን ቀን የሠለጠነ ጭልፊት ከላይ የሜዳ ፍየሏን እያዋከበ ፍጥነቷን ይቀንሳል፣ ውሻው ደርሶ ይይዛታል። የባግዳዱ ባለቅኔ አቡ ኑዋስ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለአደን ውሾች የገጠማቸው ግጥሞች እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይባላል። ሳሉኪ ግን በበላበትም ብዙ አይጮኽም። ለእንግዳ አይላፋም፤ አይቶ ፊቱን ያዞራል። የቤቱን ሰዎች ይወዳል፣ ፍቅሩን ግን በዝላይና በመላስ አያሳይም። ቁጣ ስለሚከብደው በጩኸት የሚገራው ባለቤት አመኔታውን ያጣል። የሚሮጥ ነገር ካየ ደግሞ ጥሪ አይሰማም፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ ካልታጠረ ሜዳ ላይ ገመዱን አይፈቱም። ለዘበኝነት የሚፈልገው ሰው ሌላ ውሻ ቢያሳድግ ይሻለዋል።

ከዚህ ጠባይ የተነሳ እንደ ሳሉኪ ያሉ ሯጭ ውሾች “ደደብ” የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ስታንሊ ኮረን በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጸጉሩ እንደ ሐር እስከ መሬት የሚወርደው የአፍጋን ውሻ በውሾች የብልህነት ደረጃ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። የተለካው ግን በዋናነት ትእዛዝ መቀበል ነበር። ሰው ሳያዝዘው በራሱ ፍርድ የሜዳ ፍየል እንዲያሳድድ ለብዙ ትውልድ የተመረጠ እንስሳ በዚህ ፈተና ቢወድቅ ምን ይገርማል?

ሳሉኪ በአውሮፓ መራባት የጀመረው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ አምኸርስት በ1895 ያስመጣቻቸው ሳሉኪዎች የዝርያውን እርባታ በአገሯ አስጀመሩ፤ የእንግሊዝ የውሻ ማኅበርም በ1923 እውቅና ሰጠው።

ከፑንት መርከቦች ወደ ወረደው ሌላኛው ሯጭ እንመለስ። አቦሸማኔም ለሺህ ዓመታት የነገሥታት የአደን ጓደኛ ነበር፤ የሕንዱ ሙጋል ንጉሥ አክበር ብዙ አቦሸማኔዎች ነበሩት። ልዩነቱ እርባታው ላይ ነው። ውሻው በሰው ደጅ ሲራባ፣ አቦሸማኔ በእስር ለመውለድ አሻፈረኝ አለ። የአክበር ልጅ ጃሃንጊር በ1613 አንድ ውልደት መዘገበ፤ ቀጣዩ የታወቀው በ1956 በፊላደልፊያ የእንስሳት ማቆያ የተገኘው ነው። በመካከሉ አዳኞቹ አቦሸማኔ በፈለጉ ቁጥር ከዱር ይይዙ ነበር። ሳሉኪ የተረፈው ሰው ስለፈለገው ነው፤ አቦሸማኔ የተመናመነበት አንዱ ምክንያትም ያው ነው።

አቦሸማኔን ከዱር ይዞ መሸጥ በጅቡቲ አካባቢ ዛሬም አልቆመም። የአቦሸማኔ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1975 ጀምሮ በጥብቅ ቢገደብም፣ ከአፍሪካ ቀንድ የተሰረቁ ግልገሎች የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጠው ወደ ዓረብ አገሮች ይሻገራሉ። ዓረብ ኤምሬቶች አደገኛ እንስሳትን በግል መያዝን በ2016 መጨረሻ በሕግ ከልክላለች፤ ሳሉኪው ደግሞ በዚያው አገር በአል ዳፍራ ፌስቲቫል ከእውነተኛ የሜዳ ፍየል ይልቅ በመኪና የሚጎተት ምስል እያሳደደ ይወዳደራል። በባሕሩ በዚህ ወገን፣ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የዴካን መጠለያ ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተያዙ አቦሸማኔዎችን ይንከባከባል። በግልገልነታቸው ከእናታቸው ስለተነጠሉ ማደን አልተማሩም፤ ምግባቸውን የሚያገኙት ከተንከባካቢዎቻቸው እጅ ነው።