አሸዋን የገራ ጎማ፤ ከሊቢያ በረሃ እስከ ዱባይ የግማሽ ቀን ሽርሽር

በዱባይ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ በቀላሉ ከሚያገኛቸው መዝናኛዎች አንዱ «የበረሃ ሳፋሪ» እየተባለ የሚጠራው የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይጀመራል። እንግዳው ካረፈበት ሆቴል በመኪና ተወስዶ፣ ወደ ሐታ በሚያመራው መንገድ ላህባብ ወደሚባለው ቀይ አሸዋ፣ ወይም ይህን ወደመሰለ ሌላ ቦታ ይደርሳል። መኪናው በአሸዋው ኮረብታዎች ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሽቅብና ቁልቁል ይጋልባል። ከዚያም በሰሌዳ ላይ ቆሞ ቁልቁል መንሸራተት፣ ጥቂት ርምጃ በግመል መሄድ፣ የፀሐይን መጥለቅ መመልከትና በድንኳን ሰፈር እራት መብላት ይከተላል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሁሉም ወደየማረፊያው ይመለሳል።

በዚህ ሁሉ መካከል እንግዳው እምብዛም ልብ የማይለው አንድ አጭር ተግባር አለ። አስፋልቱ አልቆ አሸዋው ከመጀመሩ በፊት ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ ይወርድና የአራቱንም ጎማዎች ነፋስ ያስተነፍሳል። ተሳፋሪው ይህን ጊዜ ፎቶግራፍ ሲነሣ ያሳልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ የጥቂት ደቂቃ ተግባር ከየት እንደ መጣ መተረክና ለእኛ ለሙያው ሰዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሳፋሪ» የሚለው ቃል ራሱ ወደ ዓለም ቋንቋዎች የገባው ከስዋሂሊ ሲሆን፣ ስዋሂሊም ያገኘው ጉዞ ማለት ከሆነው «ሰፈር» ከተሰኘው የዐረብኛ ቃል ነው። በዐረብ በረሃ ጉዞ ማለት ለብዙ ምዕተ ዓመታት የግመል ጉዞ ማለት ነበር። 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ሩብ አል ኻሊ የተባለውን የአሸዋ ምድረ በዳ ከአውሮፓውያን መጀመሪያ ያቋረጠው በርትራም ቶማስ ነበር፤ በ1930 መጨረሻ ከሳላላ ተነሥቶ በ1931 መጀመሪያ ዶሃ ለመግባት ሁለት ወር ያህል ፈጅቶበታል። በ1932 ሴንት ጆን ፊልቢ ተከተለው። ሁለቱም የተጓዙት በግመል ነው፤ መንገዱን የመሩአቸውም አገሩን ከአባቶቻቸው የተማሩ ዘላኖች ነበሩ።

መኪና ወደ አሸዋ የገባው ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በሌላ በረሃ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ1916 ጀምሮ እንግሊዞች በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ፎርድ ሞዴል ቲ በተባሉ ቀላል መኪናዎች ቅኝት ያደርጉ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲትሮዌን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የኋላ ጎማቸው በላስቲክ ሰንሰለት የተተካ መኪናዎችን አሰለፈ። ሰንሰለቱን የፈለሰፈው ቀደም ሲል የሩስያው ንጉሠ ነገሥት የመኪና ቤት ኃላፊ የነበረው መሐንዲስ አዶልፍ ኬግሬስ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ያሰበውም ለአሸዋ ሳይሆን ለበረዶ ነበር። እነዚህ መኪናዎች ታኅሣሥ 17 ቀን 1922 ከአልጄሪያዋ ቱጉርት ተነሥተው ጥር 7 ቀን 1923 ቲምቡክቱ ገቡ። ሙከራው የተሳካ ቢሆንም የሰንሰለት መኪና ከባድ፣ ቀርፋፋና ነዳጅ በላተኛ ነው። ተራ ጎማ ያለው ተራ መኪና የአሸዋ ኮረብታን ሊወጣ ይችላል ብሎ ለማመን ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ አስፈልጎ ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ያመጣው በ1896 የተወለደው እንግሊዛዊው የጦር መኰንን ራልፍ ባግኖልድ ነው። ባግኖልድ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ከተከታተለ በኋላ በ1926 ወደ ግብፅ ተመደበ። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ የዕረፍት ፈቃዱን እየወሰደና ወጪውን ከኪሱ እየከፈለ በፎርድ መኪናዎች ወደ በረሃው መዝለቅ ጀመረ። ይህ ነጥብ ሊሠመርበት ይገባል። ዛሬ በዱባይ ለገበያ የሚቀርበው ጨዋታ ከመነሻውም የተወለደው በጨዋታ ነው። ባግኖልድን የለየው ሲጫወት መለካቱ፣ የለካውንም መጻፉ ነው።

የችግሩን ባሕርይ በአጭሩ እንመልከት። ደረቅ አሸዋ እንደ ጭቃ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ጥንካሬው የሚመነጨው ከቅንጣቶቹ ፍትጊያ ብቻ ነው። በትንሽ ስፋት ላይ ብዙ ክብደት ሲያርፍበት ወደ ጎን ይሸሻል፤ ጎማው ባለበት ሲሽከረከር ደግሞ ራሱን ይቀብራል። የጎማው ግድግዳ የሚሸከመውን ድርሻ ወደ ጎን ብንተው፣ ጎማ መሬትን የሚጫንበት ግፊት በውስጡ ካለው የነፋስ ግፊት ጋር ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ 2,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 650 ኪሎ ግራም ያሳርፋል እንበል። የነፋሱ ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 2.4 ኪሎ ግራም ቢሆን እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካው በ270 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግፊቱ ወደ 1 ኪሎ ግራም ሲወርድ የሚነካው ስፋት ወደ 650 ይደርሳል። ስፋቱ የሚጨምረው በአብዛኛው ወደ ርዝመት ስለሆነ ጎማው የሰንሰለትን ጠባይ ይይዛል። ኬግሬስ ብዙ ብረትና ላስቲክ ጨምሮ ያገኘውን ውጤት በከፊል ነፋስ በመቀነስ ብቻ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው።

ባግኖልድና ጓደኞቹ የጎማን ነፋስ ከመቀነስ ሌላ ብዙ መላ ፈጥረዋል። የተቀበረ መኪና ለማውጣት ከጎማው ሥር የሚነጠፍ የብረት ሰሌዳ ይዘው ይጓዙ ነበር። ከራዲያተሩ የሚወጣው እንፋሎት በከንቱ እንዳይጠፋ በቱቦ ወደ ውሃ ቆርቆሮ እየገባ እንዲቀዘቅዝ፣ ሞተሩ ሲበርድም ውሃው ተመልሶ እንዲሳብ አደረጉ። የመኪናው ብረት ማግኔታዊ ኮምፓስን ስለሚያሳስት፣ ባግኖልድ በዲግሪ በተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ መካከል ቀጥ ያለ መርፌ አቁሞ የመርፌው ጥላ አቅጣጫን እንዲያመለክት የሚያደርግ የፀሐይ ኮምፓስ ሠራ። በ1930ው ጉዞ ደግሞ በታላቁ የአሸዋ ባሕር ውስጥ፣ ሊወጣ አይችልም ይባል የነበረውን ኮረብታ በሙሉ ፍጥነት ቀጥ ብሎ በመንዳት መውጣት እንደሚቻል አረጋገጠ።

ይህ እውቀት ብዙም ሳይቆይ ለጦርነት ዋለ። ኢጣልያ በ1940 ወደ ጦርነቱ በገባችበት ወቅት ባግኖልድ ለመካከለኛው ምሥራቅ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ዌቨል ሐሳብ አቅርቦ የረጅም ርቀት የበረሃ ቡድን የተባለውን ክፍል አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮቹ ከኒው ዚላንድ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ በሼቭሮሌት የጭነት መኪናዎች በሊቢያ ከነበረው የኢጣልያ ጦር ጀርባ እየዘለቁ ይሰልሉና ያጠቁ ነበር። በዚሁ አዛዥ ሥር የነበረ ሌላ ጦር በ1941 ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆኖ ጠላትን ከአገራችን በማስወጣት ተካፍሏል።

ከጦርነቱም ይልቅ ዘላቂ የሆነው የሳይንሱ ሥራ ነው። ባግኖልድ በ1935 ከጦሩ ጡረታ ከወጣ በኋላ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የነፋስ መሿለኪያ ሠርቶ የአሸዋን እንቅስቃሴ መለካት ጀመረ። በ1938 ወደ በረሃው ተመልሶ ውጤቱን በቦታው አመሳከረ። በ1941 የታተመው ስለ ነፋስ ወለድ አሸዋና ስለ በረሃ ኮረብታዎች የጻፈው መጽሐፉ አብዛኛው አሸዋ በነፋስ የሚጓዘው እየዘለለ መሆኑን፣ የሚጓዘውም መጠን የነፋሱ የፍትጊያ ፍጥነት በሦስት ጊዜ ራሱን ሲባዛ ከሚያገኘው ልክ ጋር እንደሚያድግ አስረዳ። በ1944 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1990 አረፈ። በ2015 በማርስ ላይ የምትጓዘው ኪዩሪዮሲቲ የደረሰችባቸው የአሸዋ ኮረብታዎች በስሙ ተጠርተዋል።

የኮረብታው ቅርጽ ጥናት ለሾፌሩም በቀጥታ ይጠቅማል። ነፋሱ የሚመጣበት ፊት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ የሚያዘነብል ሲሆን፣ ነፋሱ ስለሚጠቀጥቀው ይጠነክራል። ከነፋሱ የተከለለው ፊት አሸዋው እየተናደ የሚያርፍበት ስለሆነ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይደርሳል፤ ልልም ነው። ስለዚህ ሾፌሩ በጠንካራው ፊት ይወጣል፣ ጫፉን በጥንቃቄ ይሻገራል፣ በልሉ ፊት ደግሞ ፍሬን ሳይረግጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ወደ ጎን ከታጠፈ መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። እንግዶች በሰሌዳ የሚንሸራተቱትም በዚሁ በሚናደው ፊት ላይ ነው።

የመኪናን ወደ አሸዋ መግባት ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። ከሚቃወሙት ሁሉ የታወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1910 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ፤ ከ1933 እስከ 1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር ምድር ተጓዘ፤ በ1941 በጎጃም ከአርበኞች ጎን ተዋጋ። በኋላም በሰሜን አፍሪካ በረሃ በጂፕ ተዋግቷል። የመኪናን ጥቅም ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ዳሩ ግን በአንበጣ መከላከል ሥራ ወደ ዐረብ አገር በሄደ ጊዜ ከ1946 እስከ 1948 ሩብ አል ኻሊን ሁለት ጊዜ ያቋረጠው ከረሺድ ጎሣ ጓደኞቹ ጋር በግመል ነው። በእርሱ አመለካከት የበረሃው ሰው ክብርና መተሳሰብ የሚገኘው ከችግሩ ነው፤ መኪና ችግሩን ሲያስወግድ ያንንም ሰው አብሮ ያጠፋዋል። በ1977 ወደዚያ ተመልሶ ያየው ለውጥ አሳዝኖታል።

ለውጡ በእርግጥ ፈጣን ነበር። በዱባይ ነዳጅ በ1966 ተገኘ፤ በ1969 ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ፤ በ1971 የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ተመሠረተች። በ1948 ለገበያ የቀረበው ላንድ ሮቨርና ከእርሱ በኋላ የመጣው የጃፓኑ ላንድ ክሩዘር ኃይላቸውን ለአራቱም ጎማ ስለሚያደርሱ ግመልን ከሥራ አስወጡት። አስፋልት ሲስፋፋ ግን መኪናውም ራሱ በአሸዋ ላይ የነበረውን የዕለት ሥራ አጣ፤ ለአሸዋው የቀረው ጨዋታ ብቻ ሆነ። በ1991 ዓለም አቀፍ የበረሃ የመኪና ውድድር በአገሪቱ ተጀመረ፤ የግማሽ ቀኑም ሽርሽር ከቱሪዝሙ ጋር አብሮ አደገ።

ቴሲጀር የተናገረው እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። በድንኳኑ ሰፈር የሚታየው ትርዒት እንደ በረሃ ባህል ይቀርባል፤ ነገር ግን ለምሳሌ ባለ ሰፊ ቀሚሱ የሽክርክሪት ጭፈራ የግብፅ ነው። ግመሉም የሚሄደው ጥቂት ርምጃ ነው። በዚያ ምሽት በእውነት በሥራ ላይ ያለው የበረሃ እውቀት ሾፌሩ እጅ ላይ ነው። አሸዋውን በቀለሙና በጥላው አይቶ ጥንካሬውን ይገምታል፤ ነፋሱን ምን ያህል እንደሚቀንስ ያውቃል። ከልክ በላይ ቢቀንስ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል፤ ሳይሞላ ወደ አስፋልት ቢመለስ ጎማው ግሎ ይፈነዳል።

ይህ ጨዋታ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ነፋስ በኮረብታው ላይ ያለውን ዱካ ቶሎ ያጠፋዋል፤ በኮረብታዎቹ መካከል ባለው የጠጠር ሜዳና በእጽዋቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን በቀላሉ አይሽርም። በ1940ዎቹ የተነዱ የጦር መኪናዎች ዱካ በግብፅና በሊቢያ በረሃ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ታይቷል። ዱባይ በ2003 የ225 ካሬ ኪሎ ሜትር የበረሃ ጥብቅ ክልል ማቋቋሟና በዚያ ውስጥ መኪና እንደልብ እንዳይነዳ መወሰኗ ይህን በመገንዘብ ነው። በዚያ ክልል ዛሬ የዐረብ ኦሪክስ የተባለው የዱር እንስሳ ይሰማራል።

እኛ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በአፋርና በኦጋዴን በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ የመስክ መኪና የሚነዱ ሾፌሮቻችን የትኛው አሸዋ እንደሚሸከም፣ የትኛው እንደሚውጥ፣ ጎማ ምን ያህል መተንፈስ እንዳለበት ከልምድ ያውቃሉ። መሐንዲሱ ከጎናቸው ተቀምጦ ስለሚሠራው ድልድይ ወይም ስለሚቆፍረው ጉድጓድ ያስባል፤ እነርሱ ጡረታ ሲወጡ እውቀታቸው አብሮአቸው ቤታቸው ይገባል። ባግኖልድ ያደረገው ይህን ዓይነቱን እውቀት በሚዛንና በቁጥር አስደግፎ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው፤ የዱባዩ ሾፌርም፣ የማርሱ መሣሪያም ተጠቃሚ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የጎማ ግፊት መለኪያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ማስታወሻ ደብተርም እንዲሁ። የማኅበራችን አባላት በሚቀጥለው የመስክ ሥራቸው ሁለቱን ይዘው ቢሄዱና ከሾፌሮቹ የሰሙትን፣ ራሳቸውም የለኩትን በዚህ መጽሔት ቢያሰፍሩት፣ ከእኛ ቀጥሎ ወደዚያ አሸዋ የሚወርደው ባልደረባ እንደገና ከመጀመሪያው አይጀምርም።