የኦክሲጅን ወሰንና የሩጫ ፍጥነት

እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርኪባልድ ሂል ከሃርትሊ ሉፕተን ጋር በማንችስተር ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ምርምር፣ ሯጩ የሚያስወጣውን ትንፋሽ የሚሰበስብ ከረጢት ተሸክሞ በሣር ላይ ይሮጥ ነበር፤ ከሯጮቹም አንዱ ሂል ራሱ ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር የሚወስደው ኦክሲጅንም ጨመረ፤ በደቂቃ 4 ሊትር ገደማ ሲደርስ ግን ሩጫው ቢፈጥንም መጠኑ ከዚያ አላለፈም።

ይህ ወሰን ለብዙ ዓመታት የብቃት መለኪያ ሆኖ ቆየ። ይሁን እንጂ እኩል ኦክሲጅን የሚወስዱ ሁለት ሯጮች ሁልጊዜ እኩል አይፈጥኑም፤ አንደኛው ኃይሉን ቆጥቦ ይሮጣልና። ስለዚህ ወሰኑ የሚደረስበት ፍጥነት ራሱ ይመረመር ጀመር። ፈረንሳዊቷ ቬሮኒክ ቢያ በ1990ዎቹ እንዳሳየችው፣ የሠለጠነ ሯጭ በዚህ ፍጥነት የሚዘልቀው በአማካይ 6 ደቂቃ ያህል ነው፤ በመሆኑም ልምምዱ ፈጣኑን ሩጫ ከዝግታ ጋር እያፈራረቀ ይሰጣል።

መምህሩን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ሉክ ሌዤ ከላምበርት ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 በሞንትሪያል ያቀረበው ፈተና ነው። የ20 ሜትር ርቀትና የድምፅ ምልክት ይበቃዋል፤ ተማሪው እየተመላለሰ ይሮጣል፤ ምልክቱን መከተል ሲያቅተው የደረሰበት ፍጥነት ይመዘገባል። ሞንትሪያል ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ የዚያ ስፍራ ሠንጠረዥ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ለሚማር ልጅ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። የዚያው ልጅ የመስከረምና የግንቦት ውጤት ቢነጻጸር ይሻላል።