«እርጅና ነው» የተባለው በሽታ

ደብረ ሲና ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አዛውንት፣ ቁጭ እንዳሉ አንድ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ብታዩ ምን ትላላችሁ? አብዛኞቻችን «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። ፓርኪንሰንም ሊሆን ይችላል፤ ዶፓሚን የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ።

ሐኪም ቤት ያልሄደ ታማሚ መዝገብ ላይ አይገኝም። ስለዚህ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ቡታጅራ አካባቢ ወረዱ። መስቃንና ማረቆ ውስጥ ቤት ለቤት 60,820 ሰው አጠኑ። በ1990 የታተመው ውጤት ከ100,000 ሰው የሚጥል በሽታ ያለባቸው 520፣ ፓርኪንሰን ያለባቸው ግን 7 ብቻ መሆናቸውን ያሳያል።

ለምን አነሰ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ልጅና ወጣት በሚበዛበት ሕዝብ የሽማግሌ በሽታ ያንሳል። ግን እስቲ እናስላው። ከ100,000 ሰው 7 ማለት፣ ከ60,820 ሰው 4 ገደማ ነው። አራት ሰው! በ«እርጅና» ስም አንድ ሰው ብቻ ተዘሎ ቢሆን፣ ትክክለኛው ቁጥር በሩብ ያህል ከፍ ይል ነበር። እኔን ከ520ው ይልቅ ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

የተዘለለው ሰው ደግሞ መድኃኒት ያመልጠዋል። ሌቮዶፓ የሴሎቹን ሞት ባያቆምም እንቅስቃሴን ይመልሳል። ማርከስ ጉገንሃይም በ1913 ስዊዘርላንድ ውስጥ ንጥረ ነገሩን ለይቶ ያወጣው ከምን ይመስላችኋል? ከባቄላ! (እሸት መብላት ግን ክኒኑን አይተካም፤ መጠኑን መቆጣጠር አይቻልም።) ከደብረ ሲና ሽቅብ፣ ጣርማ በርን አልፋችሁ ደጋው ላይ ስትወጡ በየማሳው የምታዩት ያው ባቄላ ነው።