ማን ከማን ጋር ይቀመጣል? ዕድሜና ወዳጅነት በባሕር ሽርሽር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል ቀልድ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። በተለምዶ «ክሩዝ» የሚባለው የባሕር ሽርሽር የባለጸጋ አረጋውያን መዝናኛ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። እኔም ለብዙ ዘመን እንዲሁ አልፌዋለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ የምንጭ ጥያቄ ነው፤ ስለ እነዚህ አረጋውያን የምናውቀውን የነገረን ማን ነው? መልሱ በአብዛኛው አብሯቸው የተሳፈረ ወጣት ጸሐፊ ሆኖ አገኘሁት። ወጣቱ ደግሞ የሚጽፈው ለማሳቅ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልናገር።

ከ«ኩዌከር ሲቲ» ልጀምር። ይህች የእንፋሎት መርከብ በጁን 1867 ከኒው ዮርክ ተነሥታ፣ የሜዲትራንያንን ወደቦች፣ ቅድስት አገርንና ግብጽን አስጎብኝታ በኖቬምበር ተመለሰች። ዋጋው ለአንድ ሰው 1,250 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል፣ ከዚያም በላይ አምስት ወር ሙሉ ሥራውንና ቤቱን ትቶ የሚሄድ ማን ሊሆን ይችላል? ልጆቹን ያሳደገ፣ ንግዱን ለሌላ ለማስረከብ የቻለ ሰው ነው። አዘጋጆቹ በዕድሜ የገፉትን ለይተው አልጋበዙም፤ የጉዞው ርዝመት ራሱ ለይቶ ሰበሰበላቸው።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የ31 ዓመቱ ማርክ ትዌይን ነበር። በጉዞው መጀመሪያ ያየው የሸበተ ራስ ብዛት እንዳስገረመው በ1869 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ይተርካል፤ ወዲያው ግን ወጣቶችም በመጠኑ እንደነበሩ፣ ዕድሜያቸው ወዴት እንደሆነ የማይለይም እንዳሉ ይጨምራል። ከጉዞው ሲመለስ «ለኒው ዮርክ ሄራልድ» በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ግን ይህ ሚዛን የለም። ከተሳፋሪዎቹ ሦስት አራተኛው ከ40 እስከ 70 ዓመት የሆናቸው ነበሩ ይልና፣ ዶሚኖውንና ጸሎቱን እየዘረዘረ፣ ሽርሽሩን ከቀብር ጉዞ ጋር እስከ ማነጻጸር ይደርሳል። ከ40 እስከ 70! በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ባልደረቦቼ የት እንደምትመደቡ ሳይገባችሁ አልቀረም።

ይሁን እንጂ ያንኑ መጽሐፍ ቀስ ብሎ ያነበበ ሌላ ነገር ያገኛል። ሰማዩ በጠራ ምሽት በላይኛው ሰገነት ላይ በትንሽ ኦርጋን፣ በክላሪኔትና በአኮርዲዮን ይጨፍሩ ነበር። ጭፈራው የቀረው የዳንሰኞቹ ጉልበት ስለ ደከመ ሳይሆን መርከቢቱ ወዲያና ወዲህ እየተንገላታች ስላስቸገረች ነው። የማታው ጸሎትም ቢሆን፣ ከትናንት በስቲያ የማይተዋወቁ ሰዎች በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት የሚገናኙበት ስፍራ ነበር። ትዌይን መሰልቸት ብሎ ያየውን እኔ የመተዋወቅ ሥራ ብዬ አነበዋለሁ። ዶሚኖ ከማያውቁት ሰው ጋር ብዙ ሳይነጋገሩ ለረጅም ጊዜ አብሮ ለመቀመጥ የሚያስችል ብልሃት ነው።

ከዚያችው መርከብ ሌላ ምንጭ አለን። የክሊቭላንዷ ሜሪ ፌርባንክስ የጋዜጣ ባለቤት ሚስት ነበሩ፤ «ማይራ» በሚል የብዕር ስም «ለክሊቭላንድ ሄራልድ» የጉዞ ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ትዌይንን ስለ አጻጻፉም ስለ ጠባዩም ይመክሩታል፣ ይገሥጹታልም። እርሱም «እናቴ» ይላቸው ጀመር፤ ወዳጅነታቸውም ፌርባንክስ እስከ ሞቱበት እስከ 1898 ዘለቀ። እንግዲህ እኚህ «እናት» በጉዞው ጊዜ 39 ዓመት የሞላቸው፣ ከ«ልጃቸው» በሰባት ዓመት ብቻ የሚበልጡ ሴት ነበሩ። ልብ ብላችሁ ከሆነ እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁት፤ ትዌይንን «እርሱ»፣ ፌርባንክስን «እሳቸው» እያልኩ ነው የምተርክላችሁ። ቋንቋችን ሳንጠይቀው ሰውን በዕድሜ ይመድባል፤ መርከብም እንደዚሁ ያደርጋል። ትዌይን በዚያው ጉዞ ከተዋወቀው ከወጣቱ ቻርልስ ላንግደን እኅት ጋር በ1870 ተጋብቷል። ቀብር ነው ያለው ጉዞ እናትም ሚስትም ሰጥቶታል ማለት ነው።

የጉዞ ርዝመትና የዕድሜ ዝምድና በ1891 ይበልጥ ይጠራል። የሃምቡርግ–አሜሪካ የመርከብ ኩባንያ ሰው አልበርት ባሊን ትልቋን «አውጉስታ ቪክቶሪያ»ን በጃንዋሪ ወር 241 ሰዎች አሳፍሮ ወደ ሜዲትራንያን ላካት። ምክንያቱ ቀላል ነው። በክረምት አትላንቲክን የሚሻገር ሰው ስለሚያንስ መርከቧ ቆማ ትከስር ነበር። ሠራተኛው ሥራ ላይ፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ባለበት ወራት ሁለት ወር ያህል መጓዝ የሚችለውን መፈለግ የኩባንያው የሒሳብ ጉዳይ ሆነ። ከ1958 በኋላ የጄት አውሮፕላን የአትላንቲክን ተሳፋሪ ሲነጥቅ የቀሩት መርከቦች ወደ ሽርሽር ዞሩ። በ1966 ደግሞ «ሰንዋርድ» ከማያሚ አጫጭር ጉዞ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሳምንት የሚሄደው ቤተሰብ፣ ዓለምን ለመዞር ወራት የሚፈጀው ጡረተኛ ሆነ። ይህንን ከዚህ በላይ አልዘረዝረውም፤ ወደ ማዕዱ ልሂድ።

የቀድሞዎቹ መርከቦች ሰውን በማዕረግ ይለዩት ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። የሽርሽር መርከብ ይህን አጥር ሲያፈርስ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ የሚወስን ሌላ ሥርዓት አስፈለገ። ይኸውም ቋሚ የእራት ገበታ ነው። ተሳፋሪው ከሁለቱ የእራት ሰዓቶች በአንዱ፣ ስድስት ወይም ስምንት ሆነው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይመደባል፤ እስከ ጉዞው ፍጻሜ ድረስ እዚያው ይቀመጣል። አሰልቺ ገበታ የደረሰው ሰው ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት ግን በዚህ ሥርዓት ማንንም «አብሬ ልቀመጥ?» ብለው መለመን አያስፈልጋቸውም። አንድ ምሽት ቢቀሩ «ምን ሆኑ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰባት ሰው አላቸው። በ2000 «ኖርዌጂያን» የተባለው ኩባንያ በፈለጉት ሰዓት፣ ከፈለጉት ጋር መብላትን አስተዋወቀ፤ ሌሎችም በየራሳቸው መንገድ ተከተሉ። በኩባንያዎቹ ታሪክ ይህ እንደ ነጻነት ይጻፋል። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ነጻነት መሆኑን አልክድም። ብቻውን ለሚጓዝ አዛውንት ግን ሞቅ ያለው ልማድ ተነሥቶ በየምሽቱ የሚደገም ፈተና ተተካበት ብዬ አምናለሁ።

ዋጋውም ያንኑ ይናገራል። የካቢን ዋጋ የሚሰላው ለሁለት ሰው ስለሆነ፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው እጥፍ ሊሆን እስኪቃረብ ይከፍላል። በሌላ አነጋገር መበለትነት የሚያስቀጣ ታሪፍ ነው። በ2010 «ኖርዌጂያን ኤፒክ» ለብቸኛ ተጓዦች 128 ትናንሽ ካቢኖችን፣ የጋራ ሳሎንም ጨምራ እስክትነሣ ድረስ ጉዳዩን በንድፍ ደረጃ ያሰበበት ትልቅ መርከብ እምብዛም ነው። ከዚያ በፊት የተገኘው መፍትሔ የዳንስ አስተናጋጅ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አንዳንድ ኩባንያዎች በዕድሜ ጠና ያሉ ወንዶችን በነጻ እያሳፈሩ፣ ብቻቸውን የመጡትን ሴቶች በየተራ እንዲያስደንሱ ያደርጉ ጀመር። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ አንዷን ከሌላዋ ማስበለጥ ክልክል፣ ፍቅር መጀመርም ክልክል። በ1997 ጃክ ሌመንና ዋልተር ማታው በዚህ ሥራ ላይ አስቂኝ ፊልም ሠርተዋል። እንደገና ሳቅ! እኔ ግን በደንቡ ውስጥ የማየው አንድ ኩባንያ የሴቶችን ብቸኝነት እንደ እውነተኛ ነገር ቆጥሮ፣ በፍትሕ ለማከፋፈል የሞከረበትን ሰነድ ነው።

በ2004 ሁለት ሐኪሞች በአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ፣ በመርከብ ላይ መኖር ከአረጋውያን መኖሪያ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ተቀራራቢ መሆኑን አስልተው አሳተሙ። ጋዜጦች እንደ ቀልድ ተቀባበሉት። በዚያው ጊዜ ግን አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት «ኩዊን ኤልዛቤት 2» ላይ ቤታቸውን አድርገው ይኖሩ ነበር፤ የለቀቁት በ2008 መርከቧ ራሷ ከአገልግሎት ስትወጣ ነው።

የመጨረሻው ምንጬ ከፌብሩዋሪ 2020 ነው። በዮኮሃማ ወደብ «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» ላይ 3,711 ሰዎች ነበሩ፤ ከ2,100 የሚበልጡት 60 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው ነበሩ። ገበታውና የምሽቱ ትርኢት ተቋርጦ ሁሉም በየካቢናቸው እንዲቆዩ ታዘዙ። መስኮት የሌላቸው ካቢኖች ተሳፋሪዎች ጭንብል አድርገው፣ ተራርቀው፣ በየተራ ወደ ሰገነት እየወጡ አየር ይወስዱ ነበር። 712 ሰዎች በቫይረሱ ተያዙ። ነገር ግን ከኩዌከር ሲቲ ወዲህ ከ150 ዓመት በላይ አልፎ፣ ስለ መርከቡ የሚጽፈው ወጣቱ ቀልደኛ ብቻ አልነበረም። አረጋውያኑ ራሳቸው ከካቢናቸው ሆነው በስልካቸው ይጽፉ ነበር፤ ምን እንደበሉ፣ ከጎረቤት ካቢን ምን እንደሰሙ፣ ማን እንደናፈቃቸው። ያ ጽሑፍ ዛሬ በየሰዉ ስልክ ተበታትኖ ይገኛል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚያ እንድትጀምሩ እመክራለሁ፤ ጸሐፊዎቹ በሕይወት ሳሉ።