የቁልፍ ስምና የቁልፍ ሥራ፤ ከአማርኛ የጽሕፈት መኪና እስከ ሊኑክስ

አንድ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ስም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚሰጠውን አገልግሎት አይወስንም። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ምን አለሽ ተራ ለዚህ ማስረጃ ነው። ቆራሌዎች ከየመንደሩ ሰብስበው ያመጡት በርሜል ምድጃ፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ሲሆን ኖሯል፤ ከጊዜ በኋላም አገልግሎቱን የጨረሰ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደዚሁ ሰፈር ይመጣ ጀመር። የሰፈሩ ባለሙያ አሮጌ ዕቃ ሲገዛ የሚያየው ወደፊት የሚሠራውን ሥራ ነው። ይኸው አስተሳሰብ አማርኛ ከጽሕፈት መሣሪያ ጋር በተገናኘበት ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

እንደሚታወቀው 33ቱ የአማርኛ ፊደል ዘሮች በ7 እርከን ሲባዙ 231 ሆሄያት ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩም ቁጥሩ ከዚህ ያልፋል። ለላቲን ፊደል የተሠራው የጽሕፈት መኪና በአንጻሩ ከ50 የማይበልጡ የፊደል ቁልፎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ቅርጽ ቢይዝ እንኳ ከ100 አያልፍም። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያዘጋጁት ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ዋና ችግር ይህ ነበር። መፍትሔውም የሆሄውን አካልና የድምፅ ምልክቱን ለያይቶ በየቁልፉ ማስቀመጥ ሆነ። በዚህ ስልት ጽሑፉ ቢነበብም የቅጥያው መገጣጠሚያ ስለሚታይ የሆሄው ውበት ይጎድል ነበር። ፊደሉን ቀንሶ ለመሣሪያው ማመቻቸት ይሻላል የሚሉ ሐሳቦችም በተደጋጋሚ ቀርበዋል።

ኮምፒዩተር ይህን ክርክር ከመሠረቱ ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር አገኘ። ቁልፎቹ ግን አልበዙም። ስለዚህ ብቻቸውን ሲመቱ ፊደል የማይጽፉ፣ የሌላውን ቁልፍ ሥራ ግን የሚለውጡ ቁልፎች ከፍተኛ ድርሻ ያዙ። እነዚህን ለዋጭ ቁልፎች ማለት ይቻላል። ሴራ በተባለው የድምፅ አጻጻፍ ስልት አንዱ የላቲን ቁልፍ ብቻውን ሲመታ ት፣ ከሺፍት ጋር ሲመታ ጥ ይሰጣል። «ጠራ» ለመጻፍ የተነሣ ተማሪ ሺፍትን ቢስት «ተራ» ይጽፋል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሊኑክስ የለዋጭነትን ሹመት ለተጠቃሚው ሰጥቷል። ቁልፍ ሲመታ ከርነሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን ወደ ትርጉም የሚለውጠው ግን ተጠቃሚው ሊያርመው የሚችል ሠንጠረዥ ነው። በዚህም ካፕስ ሎክን ኮንትሮል ማድረግ ይቻላል፤ ለጃፓን ገበያ በተሠራ ላፕቶፕ በክፍተት ቁልፉ ግራና ቀኝ የሚገኙትን ትርፍ ቁልፎችም በለዋጭነት መሾም ይቻላል። ይሁን እንጂ ሥራው ገደብ አለው። የኤክስ ዊንዶው ሥርዓት የሚያውቀው 8 የለዋጭ ዓይነቶችን ብቻ ሲሆን ከ255 የሚበልጥ የቁልፍ ቁጥርም አይቀበልም። ቁጥሩ ከዚህ የሚያልፍ ትርፍ ቁልፍ አስቀድሞ ከሥር፣ በዩዴቭ የመሣሪያ መዝገብ፣ አነስተኛ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። እንዲሁም ለዋጭ ቁልፍ ጣት እስኪነሣ ድረስ ተይዞ የሚቆይ በመሆኑ፣ መመታቱን እንጂ መለቀቁን የማያስታውቅ ቁልፍ እንዳለ ለዚህ ሹመት አይበቃም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ መምህሩ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በአያና ብሩ ዘመን የቁልፉ ሥራ በብረት ላይ የተቀረጸ ስለ ነበር ሆሄው ለመሣሪያው ተከፋፈለ፤ ዛሬ የቁልፉ ሥራ በሠንጠረዥ የሚጻፍ ስለሆነ መሣሪያው ለሆሄው ሊታዘዝ ይችላል። ኮምፒዩተርን የሚማር ተማሪ በቁልፉ ላይ የታተመውን ስም ብቻ አጥንቶ ቢወጣ ከአሮጌው ገደብ አልወጣም። ሠንጠረዡን ከፍቶ ማንበብና ማረም የተማረ እንደሆነ ግን፣ የምን አለሽ ተራው ባለሙያ በርሜሉን እንደሚያየው፣ ሌላው የሠራውን መሣሪያ ለራሱ ቋንቋና ለራሱ ሥራ ማዋል ይችላል።