በክር ላይ የቀረ ድምፅ

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደው መንገድ እስትንፋስ የሚያሳጥር ዳገት መሆኑን የወጡት ሁሉ ያውቁታል። ደብሪቱ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከዐለት የተፈለፈለች ስትሆን፥ የአገሩ ትውፊት ፍጻሜዋን ለንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ይሰጣል። ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ አንድ ቄስ ከዚያው ከደጋው ወርደው ከቤቴ መጡና በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው አንድ ካሴት ከፊቴ አኖሩ። «መሪጌታ፥ የኔታ በዚህ ውስጥ አሉ፤ የሚያናግራቸው ቴፕ ግን ካገር ጠፋ። አዲስ አበባ ሲሄዱ ይፈልጉልኝ» አሉኝ።

የኔታ ያሏቸው የድጓ መምህራቸውን ነው። መምህሩ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። በ1980ዎቹ ዓመታት ግን ከከተማ የመጣ አንድ ደቀ መዝሙር ጾመ ድጓ ሲያስተምሩ በያዘው ቴፕ ቀድቷቸው ነበርና፥ ከዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመን በድምፅ የቀረው በዚህ ካሴት በሁለቱ ገጽ የተቀዳው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እኔም ነገሩን ቀላል አድርጌ ቈጥሬው እሺ አልኋቸው። ዳሩ ግን ማጫወቻ መግዛቱ ካሰብሁት ይልቅ ዕውቀት የሚጠይቅ ሆኖ ስላገኘሁት፥ የመሣሪያውን ታሪክና አያያዙን ለአንባቢዎቻችን ልጽፍ ወደድሁ፤ እንዲህ ያለ ካሴት በሣጥኑ ያኖረ ካህንና የከተማ ሰው ብዙ ነውና።

የሰውን ድምፅ ይዞ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ መጀመሪያ የተሠራው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1877 በአሜሪካዊው በቶማስ ኤዲሶን እጅ ነው። ወደ አገራችን ለመድረስም ብዙ አልዘገየም። በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በድምፅ አስቀድተው ላኩ፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌም በበኩላቸው መልሱን በዚያው ዓይነት መሣሪያ ተናግረው ሰደዱ። የንግሥቲቱ ድምፅ የተቀዳበት ሲሊንደር ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ከራሳቸው ዘንድ ስለ ታዘዘ ዛሬ የለም። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ተጠብቆ ኖሮ እስከ ዛሬ ይሰማል። አንዱ ቀርቶ ሌላው የጠፋው በመሣሪያው ድካም ሳይሆን በሰው ፈቃድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፥ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በርሊን ከተማ ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀዱ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ሲታተም ይህ መጀመሪያው ነው ይባላል። ሸክላ ግን ሀብታም ዘመድ የሚፈልግ ነገር ነው፤ ማተሚያ ፋብሪካ ያሻዋል፥ ፋብሪካውም ባሕር ማዶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ የነበረውን ፈቃድ ተዳፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም በጀመረ ጊዜ እንኳ፥ ድምፁ አዲስ አበባ ተቀድቶ ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። በዚህም ምክንያት በሸክላ የሚቀዳው ገበያ ያለው ሰው ነው እንጂ፥ በላስታ ደጋ በጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ ተማሪ የሚያርም መምህር አይደለም።

ይህን አጥር ያፈረሰው ካሴት ነው። ቀድሞ የመቅጃው ክር በትልልቅ መንኰራኵር የተጠቀለለ ስለ ነበረ መሣሪያው ከባድ፥ ክሩን ማስገባቱም የባለሙያ ሥራ ነበረ። በሆላንዱ የፊሊፕስ ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ሉ ኦተንስ ከኮቱ ኪስ የሚገባ ቍራጭ እንጨት ጠርቦ ያዘና፥ አዲሱ መሣሪያ ከዚህ እንዳይበልጥ ብሎ ከባልደረቦቹ ጋር ሥራውን ጀመረ። በነሐሴ ወር 1955 ዓ.ም. በበርሊን የራዲዮ ኤግዚቢሽን ካሴት ለሕዝብ ታየ። ክሩ 3.8 ሚሊሜትር ያህል ወርድ ያለው ሆኖ በእያንዳንዱ ሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር ይጓዛል። ኩባንያውም ሌሎች ፋብሪካዎች ያለ ክፍያ እንዲሠሩት ስለ ፈቀደ የአንዱ አገር ካሴት በሌላው አገር ማጫወቻ የሚናገር ሆነ፤ አሁን ከደጋው የወረደውን ካሴት በማንኛውም መሣሪያ ለመስማት ተስፋ የምናደርገው ስለዚህ ነው። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓኑ ሶኒ በወገብ ታጥቀው በጆሮ የሚያደምጡትን ዎክማን አወጣ። ኦተንስ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ዐረፈ።

በአገራችን ካሴት ሸክላን የተካው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ፋብሪካ ሳያስፈልገው በየሙዚቃ ቤቱ ካሴት ከካሴት ይገለበጥ ነበርና፥ በመርካቶ የተሸጠው በወሩ በደሴና በወልድያ አውቶቡስ ውስጥ ይሰማ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ በር አገኘችው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ስብከትና መዝሙር በካሴት መሸጥ የተለመደ ሆነ፤ ቅዳሴ የሚያጠናው ዲያቆንም ዜማውን በካሴት ይዞ ወደ አገሩ ይመለስ ጀመር።

አንዳንድ መምህራን ይህን አልወደዱትም። ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው፥ ካሴት ያሰማል እንጂ አያርምም ይሉ ነበር። ቃላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉውን አልተናገሩም እላለሁ። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት የደረሰው ዜማ ለብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ ኖሮ፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደ ሠሩለት ሊቃውንት ይተርካሉ። ያን ጊዜስ በብራና ላይ ምልክት መጻፍ ተማሪን ያሰንፋል ያለ አልነበረምን? ምልክት ይዘቱን፥ ደረቱን፥ ድፋቱንና ርክርኩን ያሳያል፤ ነገር ግን መምህሩ ደረቱን ምን ያህል እንደሚያከብደው፥ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ፥ ከይዘቱ ወደ ጭረቱ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ አይናገርም። ካሴት የያዘው ምልክት የተወውን ነው።

የካሴት ጥፋቱ ሌላ ነው፤ እርሱንም በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። በተማሪነቴ ለስድስት ባልንጀሮች አንድ ቴፕ ነበረን። ድንጋይ የምንገዛበት ገንዘብ ስለማይኖረን የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን እናስገባው ነበር፤ ትንሽ ይበረታና ጥቂት ቈይቶ ይለግማል። እኔም በዚያ ሰሞን አንዱን ቤት ከካሴት ሰምቼ አጠናሁና ከየኔታ ፊት ቀርቤ ሳዜም በመካከል አስቆሙኝ። «ይህን ርክርክ ማን ሰጠህ?» አሉኝ። «ከካሴቱ ነው፥ የኔታ» ብል፥ «ካሴቱስ ርቦት ነው፤ አንተ ጠግበህ ሳለህ ለምን ትንቀጠቀጣለህ?» አሉኝ። ባልንጀሮቼ ለብዙ ቀን ሣቁብኝ።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። በማጫወቻው ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግና የጎማ መንኰራኵር ክሩን በመካከላቸው ይዘው ይስቡታል፤ ዘንጉን የሚያዞረው ሞተር ነው። ሞተሩ በዝግታ ቢዞር ድምፁ ይወርዳል፥ ቢፈጥን ይወጣል፤ በመቶ ስድስት ያህል ቢሳሳት ፈረንጆች ግማሽ ድምፅ የሚሉትን ያህል ያዛባል። ስሕተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከሆነ ለዜማችን ብዙ አይጎዳም፤ መምህሩም ዛሬ ዝቅ፥ ነገ ከፍ አድርጎ ሊያነሣው ይችላልና። ክፉው ሞተሩ እያነከሰ ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ቀጥ ያለው ይዘት ይንቀጠቀጣል፥ ተማሪውም የመሣሪያውን ድካም የመምህሩ ርክርክ አድርጎ ይቀበላል። ሰው ሞቶ መሣሪያው ብቻ ሲቀር ደግሞ «ማን ሰጠህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ዛሬ ርካሽ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መመርመር ያለበት መልኩን ሳይሆን አረማመዱን ነው። በገበያ ሁለት ዓይነት ይገኛል። አሮጌው ከብረት የተሠራና ክብደት ያለው ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የጎማ ቀበቶ በዘመን ብዛት ይላላል፥ አንዳንዴም እንደ ሬንጅ ቀልጦ ይገኛል፤ ይህን የሚቀይር ባለሙያ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል። አዲሱ ቀላል ፕላስቲክ ነው፤ ስሙና ቀለሙ ይለያይ እንጂ የአብዛኛው የውስጥ ሥራ አንድ ዓይነት ቀላል ሥራ ነው። የቀድሞዎቹ ደኅና ማጫወቻዎች የነበራቸው የሹክሹክታ መቀነሻም በአዲሶቹ የለም። መጀመሪያ የገዛሁት አዲስ ነበረ፤ ባለ ሱቁ በዘፈን አስሞክሮኝ፥ ከበሮው ጉድለቱን ሸፍኖት፥ እቤቴ ስደርስ ይዘቱ ሁሉ እንደ ማዕበል ይነሣና ይወድቅ ጀመር። መልሼ ወስጄ ብከራከር ባለ ሱቁ «አባቴ፥ ካሴትዎ አርጅቶ ነው» አለኝ። ሁለተኛውን ስገዛ ግን የማውቀውን አንድ ረጅም ይዘት ያለበትን ካሴት ይዤ ሄድሁ፤ በካሴቱ መጀመሪያም፥ በመካከሉም፥ በመጨረሻውም አደመጥሁት፤ ክሩ በአንዱ ወገን ሲከብድና ሲቀል የሞተሩ ሥራ ይለያያልና። ደግሞም በደኅና ቴፕ በሰዓት ለክቼ ልክ ዐሥር ደቂቃ የቀዳሁትን አሰማሁት። ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ላይ ቢጨርስ ፈጣን ነው፤ ዐሥር ከግማሽ ቢፈጅ ዘገምተኛ ነው።

የሚቀዳም የሚያጫውትም መሣሪያ ለገዛ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በካሴቱ ጀርባ በኩል ባሉት ሁለት ማዕዘኖች የሚሰበሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ እነዚህ ካልተሰበሩ በስሕተት አንድ ቍልፍ መጫን የሠላሳ ዓመት ድምፅ ይደመስሳል። እኔ የቄሱን ካሴት እንደ ተቀበልሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ሁለቱን ጥርሶች መስበር ነበር። ቀጥሎ በመስኮቱ ክሩን አየሁ፤ ነጭ ሻጋታ ቢኖርበት በማጫወቻው ጭንቅላት ላይ ተለጥፎ ለሌላውም ካሴት ይተርፋልና። ሻጋታ አልነበረበትም፤ ነገር ግን ክሩን ወደ ጭንቅላቱ የምትገፋው ጨርቅ መሰል ቍራጭ ወልቃ ነበር። ያለ እርሷ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ይሆናል። ስለዚህ በብሎን የሚዘጋ ሌላ ካሴት ፈትቼ፥ የመምህሩን ክር ከነመጠቅለያው ወደዚያ አዛወርሁት፤ እጄ እንዲህ የተንቀጠቀጠበትን ቀን አላስታውስም። ጭንቅላቱንና የብረት ዘንጉን በጥጥና በአልኮል ጠረግሁ። ክሩን እስከ መጨረሻው አጠንጥኜ መለስሁት፤ ብዙ ዘመን ተጣብቆ የኖረ ክር እንዲላቀቅ ነው።

«በስልክ ገልብጦ መጣል ነው እንጂ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚለኝ ይኖራል። መገልበጡንስ ገልብጬዋለሁ፤ ስልኩን ከማጫወቻው አፍ አጠገብ አስቀምጬ ግን አይደለም፥ እንዲህ ካደረጉ የውሻውም ጩኸት አብሮ ይገባል፤ በሽቦ አገናኝቼ ነው። ካሴቱን ግን አልጣልሁትም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጦ መብራቱ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቈይቷል። በዚያ ወራት ስልኩ በየቤቱ የሞተ ዕቃ ሆኖ ሳለ፥ ሁለት ድንጋይ ያገኘ ሰው የቀድሞ ቴፑን ያናግር ነበር።

ቄሱ ለሁለተኛ ጊዜ የመጡት በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ማጫወቻውን ከፊታቸው አኑሬ አዲስ ድንጋይ አስገባሁበት። መጀመሪያ ሹክሹክታ ተሰማ፥ ቀጥሎ ዶሮ ጮኸ፥ ከዚያም የመምህሩ ድምፅ መጣ። ቄሱ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ፤ እኔም አብሬ ቆምሁ። ሠላሳው ደቂቃ ሲሞላ ክሩ አለቀና ዜማው በቤቱ መካከል ተቋረጠ። ካሴቱን ገለበጥሁት። መምህሩ ክር መገልበጡን ዐውቀው ኖሮ፥ ካቆሙበት ቃል አልቀጠሉም፤ ቤቱን ከራሱ ጀምረው አዜሙት።